«ስክሪኑን ዝጉት» ይሉ የነበሩት የእህታችን የሕይወት ታሪክ

እህታችን በመስከረም ወር 1953 ዓ.ም. የእጅ ሰዓት ይጠግኑ ከነበሩት አባታቸውና በሆስፒታል ልብስ አጣቢነት ይሠሩ ከነበሩት እናታቸው፣ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የተወለዱባት ክፍል ከአባታችን ሱቅ ጀርባ ያለች፣ አንድ መስኮት ብቻ የነበራት ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የደንበኛ ሰዓቶች አንዱም ከአንዱ አይስማማም ነበርና፣ እናታችን «ይቺ ልጅ በስንት ሰዓት እንደተወለደች እስከ ዛሬ አልታወቀም» እያሉ ይስቁ ነበር። ከእሳቸው በኋላ አራት ተወልደናል። የመጨረሻዋ እኔ ነኝ፤ ይህንን የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። የሕይወት ታሪኩን በመጀመሪያ የጻፈው ልጃቸው ነበር። ልጁ ደግ ነው፣ እግዜር ይባርከው፤ ጽሑፉ ግን የሥራ ማመልከቻ መሰለ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ «አንቺ ጻፊው» አለኝ። እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ እጄም አፌም ሥራ አይፈታም። ስለዚህ ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ፣ ቢመርባችሁም ታገሡኝ። በቀብር ላይ የሚነበብ ሁሉ ማር ማር ይበል የሚል ሕግ የለም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራችን በነበረው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተማሩ። በ1971 ዓ.ም. የጽሕፈት ማሠልጠኛ ገቡ። እዚያ የነበሩት መምህርት የተማሪዎቹን እጅ ከነታይፑ በጨርቅ እየሸፈኑ ነበር የሚያስተምሩት። ሌሎቹ ተማሪዎች ጨርቁን ገለጥ እያደረጉ ያዩ ነበር አሉ። እህታችን ግን አንድም ቀን አልገለጡም። «ያየሁ ዕለትማ መቼ ተማርኩ?» ይሉ ነበር። ግትርነታቸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ማንም አልቻለውም፣ እኔም አልቻልኩት።

በ1972 ዓ.ም. በውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠሩ። ቢሯቸው ረጅም ባንኮኒ ያለው፣ ከባንኮኒው በላይ መስታወት የተገጠመለት ክፍል ነበር። መስታወቱ ላይ ያለችው ቀዳዳ ዝቅ ብላ ስለተቆረጠች ባለጉዳይ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚያወራው። እህታችን ይህ ነገር ያናድዳቸው ነበርና ወንበራቸውን ይዘው ወደ ውጭ ወጥተው ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጠው ጉዳያቸውን ይሰሙ ጀመር። አለቃቸው ሁለት ጊዜ ተቆጣቸው፤ በሦስተኛው መስታወቱን አስነሳ። ኮምፒውተር የመጣ ጊዜ ሌላው ሠራተኛ እጁን ሲሰበስብ እሳቸው «ታይፕራይተር ነው፤ ትንሽ ኩራት ብቻ ጨምሮበታል» ብለው ቁጭ አሉበት። እስከ ጡረታቸው ድረስም የደንበኞች መረጃ ክፍል ኃላፊ ሆነው ሠሩ።

በ1977 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሠረቱ። የተዋወቁት ባለቤታቸው ለመሥሪያ ቤቱ ዩኒፎርም ሲሰፉ ነው። እህታችን «እጅጌው አጠረ» እያሉ ኮታቸውን ደጋግመው መለሱት። ባለቤታቸው በኋላ ሲያወሩ «እጅጌው ገና መጀመሪያ ስትመልሰው ልክ ነበር፤ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ» ይላሉ። አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው ለወግ ለማዕረግ አበቁ። ሴቲቱ ዛሬ የመድኃኒት ባለሙያ ናት፤ ወንዱ የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ባለቤታቸው በግላኮማ ምክንያት ዓይናቸው ጠፋ። ሱቁ ተዘጋ። መቀስ ጨብጠው የኖሩ ሰው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲቀመጡ ማየት ከባድ ነበር። በዓይነ ስውራን ማኅበር በኩል ግን ስክሪን ሪደር የሚባለውን ተማሩ። ይህም ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ በድምፅ የሚናገር ፕሮግራም ነው፤ ዓይነ ስውር ሰው በእሱና በኪቦርድ ብቻ ኮምፒውተር ይጠቀማል። በ2003 ዓ.ም. የከተማው ቤተ መጻሕፍት በድምፅ የተቀዱ መጻሕፍትን በድረ ገጽ ማዋስ ሲጀምር ባለቤታቸው ደስ ብሏቸው ተቀመጡ። ገጹን ሲከፍቱት ፕሮግራሙ «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» ብቻ እያለ ሄደ። ገጹ ላይ ያሉት የሚጫኑ ነገሮች ሁሉ ሥዕል ብቻ ነበሩ፤ ስም የሰጣቸው ሰው አልነበረም። ባለቤታቸው ማዳመጫውን አውልቀው «መጽሐፍ ልዋስ ነው ወይስ ኮት ልሰፋ የተቀመጥኩት?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እህታችን ግን አልሳቁም።

ሲያጣሩ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ገጹን የሠራበት ሶፍትዌር ማንም በነፃ የሚወስደው፣ በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች እየተጋገዙ የሚጽፉት፣ ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ ነገር ሆኖ ተገኘ። ትምህርት ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ ማኅበሩም የሚጠቀመው እሱኑ ነው። «ክፍት ከሆነማ ይስተካከላል ማለት ነው» አሉ። የሃምሳ ዓመት ሴት ኮድ መማር ጀመሩ። ልጃቸው «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜ?» ቢላቸው «ኮዱ ዕድሜዬን አልጠየቀኝ፤ አንተ ምን አገባህ?» አሉት። የመጀመሪያ ሥራቸው እነዚያን ቁልፎች በስም በስማቸው መጥራት ነበር። ሥራውን ሶፍትዌሩን ለሚጽፉት ፈቃደኞች ሲልኩ፣ ከፕሮጀክቱ ሰዎች አንዱ «ለመሆኑ ስንት ዓይነ ስውር ይጠቀመዋል ብለው ነው?» ብሎ ጻፈላቸው። እሳቸውም «በሩን ዘግታችሁ እንግዳ አልመጣም ትላላችሁ እንዴ?» ብለው መለሱለት። ሰውየው ሳይወድ በግዱ ተቀበለ። ባለቤታቸው በዚያው ሰሞን የመጀመሪያውን መጽሐፍ ተዋሱ፤ ስለ ንብ እርባታ ነበር፤ ንብ ግን ኖሯቸው አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ እህታችን ያለ አንዳች ክፍያ ለዚህ ሥራ ኖሩ። መስኮቱ ሥር ባለችው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተራቸውን አስቀምጠው፣ ስክሪኑን በወጥ ቤት ፎጣ ሸፍነው፣ ማዳመጫ አድርገው በኪቦርድ ብቻ እያንዳንዱን ገጽ ይሞክሩ ነበር። ሊማር ቤታቸው የመጣ ፈቃደኛ ሁሉ ገና ጤና ይስጥልኝ ሳይል «ስክሪኑን ዝጉት» ይባላል። በዚህ የተነሳ «እትዬ ዝጉት» የሚል ስም ወጣላቸው። እኔንም አንድ ቀን አስቀምጠውኝ፣ አንድ ዝርዝር ውስጥ ገብቼ መውጫው ጠፋኝ። ብጫን ብጫን ወይ ፍንክች! «እንዲህ ነው እንግዲህ ሰው የሚታሰረው» ብለውኝ ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ።

ፕሮጀክቱም በእሳቸው ጥያቄ አንድ ደንብ አወጣ። ማንኛውም አዲስ ቨርዥን፣ ማለትም የታደሰ ቅጂ፣ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ስክሪኑን ዘግቶ፣ በጆሮውና በጣቱ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ይሞክረዋል፤ የሞከረውም ሰው ስሙን ያኖራል። ለዓመታት የተቀመጠው ስም የእህታችን ነው። በየከተማው ያሉ የዓይነ ስውራን ማኅበራት «እትዬ ሞክረውታል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ «አዎ» ከተባለ ሌላ ነገር አይጠይቁም። እህታችን በሕይወታቸው ያፈሩት ሀብት ይህ ነበር፤ ሌላ የላቸውም።

በ2005 ዓ.ም. አንዲት የኮምፒውተር አስተማሪ ይህንን ሥራ ልታግዝ መጣች። ስለ እሷ ስጽፍ አንቱ ማለት አቅቶኛል፤ ይቅር በሉኝ። ፈጣን ናት፣ ሳቂታ ናት፣ አንድ ነገር ከተነገራት ሁለተኛ አያስፈልጋትም። እህታችን የሚያውቁትን ሁሉ አስተማሯት፤ ከስማቸው ቀጥሎ ስሟ እንዲጠራ አደረጉ፤ «ምክትሌ» ይሏት ነበር። ባለቤታቸው ደረጃውን ስትወጣ ባረማመዷ ያውቋታል፤ ገና ሳታንኳኳ «መጣች ልጅሽ» ይላሉ። የሠርጓን ፀጉር የሠራሁት እኔ በነዚህ እጆቼ ነኝ። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የተባለው ለካ ለኛ ኖሯል።

እህታችን በ2013 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ሆዳቸውን ያማቸው ጀመር፤ ሲመረመሩ የአንጀት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና አልጋ ላይ ዋሉ። ልክ በዚያው ሰሞን አንድ ትልቅ የጤና ድርጅት በክሊኒኮቹ ሁሉ የቀጠሮ ማስያዣውን በዚህ ሶፍትዌር ሊያደርግ ተነሳ። እሱ በቆረጠው ቀን፣ በራሱ የሚመረምር መሣሪያ ገጹን አይቶ «ስሕተት የለም» እንዲል፣ ከዚያም በላይ የእትዬ ዝጉት ማረጋገጫ እንዲኖርበት ፈለገ። አዲሱ የቀጠሮ ገጽ ደግሞ ስሕተቱ ብዙ ነበር፤ ቀኑም ደረሰ።

ምክትላቸው ምን እንዳደረገች በቀላሉ ልንገራችሁ፤ ለእኔም በቀላሉ ነው የተነገረኝ። በገጹ ኮድ ውስጥ ስክሪን ሪደሩን «ይህን ዝለለው» የሚል ቃል ማስገባት ይቻላል። ለጌጥ ብቻ ለተቀመጠ ሥዕል ነው የሚያገለግለው። እሷ ያንን ቃል በገጹ ሙሉ ላይ አደረገችው። መርማሪው መሣሪያ ደግሞ የተደበቀውን አያይምና፣ ምንም ስላላገኘ «ስሕተት የለም» አለ። ዕቃውን ሁሉ አልጋ ሥር ገፍቶ ቤቱ ተጠረገ እንደማለት ነው። ዓይን ላለው ሰው ገጹ ያምራል። ለዓይነ ስውር ግን ገጹ ዱዳ ሆነ። ከሥሩም «በስክሪን ሪደር ተሞክሯል» ተብሎ የእህታችን ስም ተጻፈ። እህታችን ያን ጊዜ ከሆስፒታል አልጋ ቀና ማለት የማይችሉ ሰው ነበሩ።

ይህ የታወቀው ባለቤታቸው የእህታችንን የክትትል ቀጠሮ ሊያስይዙ ሲቀመጡ ነው። «እሷ ለኔ ስታስይዝ ኖራለች፤ ይህንንስ እኔ ላድርግላት» ብለው ማንንም አላስጠጉም። ማዳመጫውን አድርገው ቁልፎቹን ቢጫኑ አንድም ቃል የለም። ኮምፒውተሩን አጠፉ፣ አበሩ፣ እንደገና ሞከሩ። እኔ እዚያው ነበርኩ። በመጨረሻ «ይቅርታ፣ እኔው ነኝ የረሳሁት፤ አእምሮዬ እየደከመ ነው መሰለኝ» አሉ። ሴት ልጃቸው መጥታ ብታየው ገጹ ከነቀኑ ከነሰዓቱ ፍንትው ብሎ ተቀምጧል። እሷ እስክትሞላው ቅርቡ ቀጠሮ ለሌላ ሰው ሄዷል። ሐኪሞቹ መዘግየቱ ለውጥ አላመጣም ብለውናል፤ እኔም እሱን ነው የምናገረው፤ ባልተደረገ ነገር ማንንም አልከስም።

እህታችን ከሆስፒታል ሲመለሱ ነገሩን ሰሙ። በዱላ ተደግፈው ጠረጴዛቸው ጋ ሄዱ፤ ፎጣቸውን ስክሪኑ ላይ ጣል አድርገው ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ጣታቸው ሲሄድ አየን፤ ቆመ፤ ደግሞ ሄደ። ከዚያ ፎጣውን አንስተው ልጃቸውን «ማን ሞክሮት ነው ያለፈው? አንብቢልኝ» አሏት። ልጅቱ አነበበች። «እኔ?» አሉ።  ባለቤታቸው ከወንበራቸው ሆነው ቀስ ብለው «እንግዲያው እኔ አልረሳሁም ነበራ» አሉ፤ ከሁሉ በላይ እሱ ነው አንጀቴን የበላው።

ምክትላቸው በሳምንቱ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቅ መጣች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ «እትዬ፣ ለጊዜው ብዬ እኮ ነው። ቀኑ ደርሶ ነበር፤ የለፋንበት ሁሉ ሊቀር ነው። በሚቀጥለው ቨርዥን ላስተካክለው ነበር» አለች። እህታችን «ስሜንስ?» አሏት። «እርስዎ ከሌሉበት አይቀበሉንም ነበር፤ ሰው የሚያምነው እርስዎን ነው» አለች። እህታችንም «ባታውቂ ኖሮ ይቅር እልሽ ነበር» አሏት፤ «ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ፤ አንቺ ታውቂያለሽ» አሏት። እንባ ቢመጣባትም ስሙን አነሳዋለሁ አላለችም። ብርቱካኑን ማንም አልበላውም፤ ለጎረቤት ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ እህታችን በፕሮጀክቱ የውይይት ገጽ ላይ፣ ቨርዥኑን እንዳልሞከሩት፣ ስማቸው እንዲነሳ፣ ለተጠቃሚዎችም እንዲነገር ጠየቁ። ምክትላቸው «ተፈትቷል» የሚል ምልክት አድርጋ ጥያቄውን ዘጋችው። ሁለተኛ ጠየቁ፤ «ያለፈ መዝገብ አይነካም» ተባሉ። ሌሎቹም ፈቃደኞች፣ በእሳቸው ጠረጴዛ የተማሩት፣ አንዱ ዝም አለ፣ ሌላው «ነገር አናባብስ» አለ። ከዓይነ ስውራን ማኅበራት ግን መልእክቱ ይጎርፍ ጀመር። አንድ የስልክ ኦፕሬተር ለልጁ የክትባት ቀን ማስያዝ አቅቶት «እትዬ፣ እርስዎ ሞክረውት እንዴት እንዲህ ሆነ?» አላቸው። እህታችን በደከመ ድምፃቸው እየቀዱ ለእያንዳንዱ «እኔ አይደለሁም» ብለው መለሱ። ሰውየው «ስምዎ አለበት እኮ» አላቸው። ክፉ ሰው አይደለም፤ የተጻፈውን ነው ያነበበው። ያን ዕለት እህታችን አልበሉም፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዋሉ።

ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው ነበሩ፦ ስማቸው ጠፍቶ፣ ታመው፣ ያንን ገጽ ራሳቸው አስተካከሉት። ትራስ ተደግፈው፣ ባለቤታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው እያዳመጡ «አሁን ተናገረ»፣ «አሁን ጠፋ» እያሏቸው፣ ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ሲስቁ ከረሙ። ልጃቸው «ለነሱ ነው የምትሠሪላቸው?» ብሎ ሲቆጣ «ለክትባቱ ሰውዬ ነው» አሉት። ሥራቸው ተቀባይነት አገኘ፤ ዛሬ ያ ገጽ ከዳር እስከ ዳር ይናገራል። ፕሮጀክቱም «ያላሰለሰ ጥረታችን ውጤት» ብሎ አወጀው። ከፊተኛው ቨርዥን ሥር ግን ስማቸው ያው እንደተቀመጠ ነው፤ ማብራሪያም፣ ይቅርታም አልተጻፈም።

ሕመማቸው በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ጸና። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉራቸውን ላጥብላቸው እሄድ ነበር። አንድ ቀን ራሳቸው ሣህኑ ላይ እንዳለ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው «ስትቀብሩኝ የሚነበብ ነገር ትጽፋላችሁ አይደል?» አሉኝ። ውሃውን ማፍሰስ ቀጠልኩ። «ሌላውን ሁሉ ብትፈልጉ ተዉት። አልሞከረችውም በሉልኝ» አሉ።

በሐኪሞች፣ በልጆቻቸውና በባለቤታቸው ሲረዱ ቆይተው፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ።

ካረፉ በኋላ ፕሮጀክቱ ፎቶግራፋቸውን አውጥቶ ሐዘኑን ገልጿል፤ ቀጣዩን ቨርዥን በስማቸው ልንሰይም ነው ብሎ ፈቃዳችንን ጠይቋል። ምክትላቸውም ይህንን የሕይወት ታሪክ «እኔ ላንብበው» ብላ ልካብን ነበር። ቤተሰቡ ለሁለቱም አይሆንም ብሏል። ከዘመድ ወገን «በቀብር ቀን እንዲህ ያለ ነገር አይነሳም፣ ይቅር» ያሉኝ አሉ። ባለቤታቸው ግን «አንድም ቃል እንዳትሰርዢ» አሉኝ፤ ከእሳቸው በላይ የምሰማው የለኝም።

ስለዚህ በቤተሰቡ ስም፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እናገራለሁ። ያንን ቨርዥን እህታችን አልሞከሩትም። አላዩትም፣ አልሰሙትም፣ አልፈቀዱትም። በእሳቸው ስም አምናችሁ ገጹ ዝም ያላችሁ ሁሉ፣ ያሳፈራችሁ እሳቸው አይደሉም።

እህታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ ሦስት ወንድሞችና አንዲት እህት ትተው ሄደዋል። ያስታመማችሁ፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ፣ በተለይም በነጭ በትር መንገዱን እየጠየቃችሁ የደረሳችሁ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈልልን።

ዛሬ አስከሬናቸውን ተረክበናል። ስማቸውን ግን ገና አልተረከብንም። የያዝሽው አንቺ ከኋላ ተቀምጠሻል፤ ስገባ አይቼሻለሁ። ቤትሽ ስትደርሺ መልሺልን።

ለደከመች ነፍሳቸው አምላክ ዕረፍቷን ይስጥልን፤ አፈሩም ይቅለላቸው።